የትንሿ ክፍል ምድጃ

ኦማሩ፣ ኒው ዚላንድ
ኦክቶበር 20 ቀን 1958

ለወንድሜ ልጅ ለሄስተር፣

ከባሕር ማዶ የሚላክ ማጽናኛ ሁልጊዜ ከቀብር በኋላ ነው የሚደርሰውና ይቅር በይኝ። የአባትሽን የማቲውን ማረፍ የሚነግረው ቴሌግራም ያገኘኝ ቅዳሜ ከሥራ ስመለስ ነው። በሩ ላይ ቆሜ አነበብኩት፤ ከዚያ ገብቼ እጄን ታጠብኩ። ሌላ ምን እንደማደርግ አላወቅሁም። እግዚአብሔር ነፍሱን ያሳርፍልን፤ አንቺንም ባልሽን ኔድንም ያጽናችሁ።

አንቺ አታስታውሺኝም፤ እኔ ግን አስታውስሻለሁ። ከቤታችን ከራይጊል ስወጣ ሁለት ዓመትሽ ነበር፤ የኩሽናው ደፍ ላይ ተቀምጠሽ መንገዴን ዘግተሽብኝ በላይሽ ተራምጄ ነው የወጣሁት።

ከአባትሽ ጋር ሠላሳ ሁለት ዓመት ተጻጽፈናል፤ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለገና። ደብዳቤው አጭር ነበር። የበጎቹ ቁጥር፣ የበረዶው ብዛት፣ ማን ሞተ፣ ማን አገባ። መጨረሻው ላይ ግን አንድም ዓመት ያልዘነጋት መስመር ነበረች፦ «የትንሿ ክፍል ምድጃ እንደተዘጋ ነው።» ለምን እንደሚጽፍልኝ እሱም እኔም እናውቅ ነበር። አሁን እሱ ሄደ፤ እኔም ሆድ ይፍጀው ብያለሁ።

የቤቱን ነገር ጻፊልኝ። ጣሪያው ያፈስሳል ወይ? የጭስ ማውጫው እንዴት ነው? ግንበኛ ነኝና ከሰው ጤና ቀጥሎ የምጠይቀው ይህንኑ ነው።

አጎትሽ አሞስ አልደርሰን


ራይጊል፣ ስዌይልዴል
ኖቬምበር 9 ቀን 1958

ይድረስ ለአጎቴ ለአሞስ፣

ጤናና ሰላምዎን ከሩቅ ሆኜ እመኛለሁ። እኛ ደህና ነን። ደብዳቤዎን ለኔድ ጮክ ብዬ ሳነብለት «ከሰው ቀጥሎ ለጭስ ማውጫ የሚጨነቅ ከሆነ የአልደርሰን ዘር መሆኑ አያጠራጥርም» ብሎ ሳቀ። ከቀብሩ ወዲህ በዚህ ቤት የተሳቀው ያን ጊዜ ብቻ ነውና አመሰግናለሁ።

አባቴ አልተሠቃየም። በጎቹን አስገብቶ፣ ሻዩን ጠጥቶ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ አለፈ። ቀብሩ ዕለት የጸሎት ቤቱ ሞልቶ ሰው ውጭ ቆሞ ነበር። እሱ ቢያይ ኖሮ «ሥራ የላቸውም እንዴ?» ይል ነበር።

ሌላ ዜና አለኝ። ተስፋ ቆርጬ የተውኩትን ነገር እግዚአብሔር በሠላሳ አራት ዓመቴ ሰጥቶኛል፤ በማርች አጋማሽ እወልዳለሁ። ችግሩ ከላይ ያለው ትልቁ ክፍል ነው። ዝናቡ በጭስ ማውጫው በኩል እየወረደ ግድግዳውን አርሶታል። አዋላጇ መጥታ አየችውና «እዚህ እንኳን ሕፃን ድንችም አይቀመጥ» አለችኝ። ደረቋ ትንሿ ክፍል ናት። ስለዚህ አባቴ ምድጃዋን የዘጋበትን ሳንቃ ነቅለን፣ ጠርገን፣ ለገና እሳት ልናነድባት አስበናል።

አክስቴ ዳይና በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ በልብ ድካም የሞተችው እዚያች ክፍል ውስጥ እንደሆነ አውቃለሁ። አባቴ ስለ እሷ አንድም ቀን አውርቶኝ አያውቅም። ግን ሞት ያልገባበት ቤት የት አለ?

ከጣሪያው ሥር ወዳለው ቆጥም ልንወጣ ነው። አባቴ መግቢያውን በሚስማር መትቶት ስለነበር እኔ በዕድሜዬ ገብቼበት አላውቅም። ኔድ ባለፈው ሳምንት ከፈተው። አሥራ አንድ ሚስማር ወጣ። አባቴ ለበረት በር እንኳ ከሦስት በላይ የማያወጣ ሰው ነበር።

የወንድምዎ ልጅ ሄስተር


ኦማሩ፣ ኖቬምበር 22 ቀን 1958

ልጄ ሄስተር፣

በመውለጃሽ እግዚአብሔር ይርዳሽ። ከትናንት በስቲያ የላክሁት ቴሌግራም አስደንግጦሽ እንደሆነ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ቃሉን ግን አልመልሰውም። ትንሿ ክፍል ውስጥ እሳት እንዳታነጂ። ሳንቃውም ከተነቀለ እዚያ ክፍል ማንም እንዳይተኛ።

አሁን የምጽፈውን ለግንበኛ አሳዪው። ሲሚንቶ እንጂ ኖራ ነክቶ ለማያውቅ ልጅ ሳይሆን ለሽማግሌ ግንበኛ። ቆጡ ውስጥ በሰሜን በኩል ባለው ግንብ ውስጥ ሁለት የጭስ መንገዶች ጎን ለጎን ይወጣሉ፤ አንዱ የኩሽናው፣ አንዱ የትንሿ ክፍል። የሚለያቸው የአንድ ድንጋይ ውፍረት ያላት ግድግዳ ብቻ ናት። እሷ ከተከፈተች ከኩሽናው እሳት የሚወጣው መርዛም አየር ቀዝቃዛውን መንገድ ይዞ ወደ ትንሿ ክፍል ይወርዳል። በተለይ ክረምት ሌሊት፣ እሳቱ በከሰል ትቢያ ታፍኖ ሲያድር። አይሸትም፣ አይታይም።

አፍርሰው ይሥሩት። በኖራ። የጭሱን መንገድ ውስጡን በኖራ፣ በእበትና በፈረስ ፀጉር ይምረጉት። ውርጭ ሳያልፍ ግን ኖራ እንዳያስነኩት። ይህን ቃል ከሌላው ሁሉ አብልጠሽ ያዢልኝ።

አንቺ ደግሞ በዚህ ሁኔታሽ መሰላል እንዳትወጪ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብሽ።

አሞስ


ራይጊል፣ ዲሴምበር 14 ቀን 1958

ይድረስ ለአጎቴ ለአሞስ፣

የገናው በረከት ይድረስዎ። መሰላል አልወጣሁም፤ ኔድን ማን ያመልጠዋል።

ሽማግሌ ግንበኛ ባሉት መሠረት ሀርከርን ጠራን። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፤ ግማሹን ሸለቆ የሠራው እሱና አባቱ ናቸው። ኔድ ቀድሞ አንድ ጆንያ ሲሚንቶ ገዝቶ ነበር። ሀርከር ዙሪያውን ዞሮ አየው፤ ከዚያ ተቀመጠበትና ዳቦና አይቡን በላ። «ለዚህ ጥሩ ነው» አለ።

ደብዳቤዎን ሲያነብ ግን ቀልዱን ተወ። ኩሽና ውስጥ እርጥብ ጭድ አነደደ፤ እኛን ትንሿ ክፍል አቆመን። ሳንቃው ተነቅሏል። በውስጡ አባቴ በጆንያ አድርጎ የጠቀጠቀውን የበግ ፀጉር አውጥተናል። አምስት ደቂቃ እንኳ አልሞላም። ጭሱ ከቀዝቃዛው ምድጃ እንደ ድመት ተስቦ ወጣና ወለሉ ላይ ተኛ። ሀርከር ደረጃውን ወጥቶ አየው። ቆቡን አወለቀ። እሱ ቆቡን ለጸሎት ብቻ ነው የሚያወልቀው።

«ሄስተር፣ እዚህ ክፍል ሰው ተኝቶ ያውቃል?» አለኝ።

እኔም አሁን እርስዎን እጠይቃለሁ፤ ከአንደበቴ ሻካራነት የተነሣ ቢቀየሙኝም ይቻሉኝ። ከዓለም ዳርቻ ሆነው በራይጊል ግንብ ውስጥ ያለ ቀዳዳ እንዴት አዩ? ውርጭንስ ለምን እንደዚያ አጥብቀው ጻፉ? ልጄን አድነዋል፤ ይህን አልረሳም። ግን ያዳኑኝ ከምን እንደሆነ ማወቅ አለብኝ።

ሳንቃውን መልሰን መትተነዋል። ሀርከር በፌብሯሪ አፍርሶ ያየዋል፤ መገንባቱ ግን ውርጩ ካለፈ በኋላ ነው።

ሄስተር


ኦማሩ፣ ጃኑዋሪ 3 ቀን 1959

ልጄ ሄስተር፣

አዲሱን ዓመት የሰላም ያድርግልሽ። ደብዳቤሽን ሦስት ቀን ኪሴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። ለባለቤቴ ለአይቪ እንኳ ያልነገርኳትን ነው የጠየቅሽኝ።

በ1925 ኖቬምበር ቆጡ ውስጥ ያለውን የጭስ ማውጫ አፍርሼ የሠራሁት እኔ ነኝ። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ ሙያዬን ገና መጨረሴ ስለነበር የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። መለያዋን ግድግዳ ስከፍት በድንጋዮቹ መካከል አንዲት አሮጌ የሴት ጫማ አገኘሁ። ክፉ ነገር በጭስ ማውጫ እንዳይገባ የጥንት ሰዎች ያኖሯት ናት፤ በየቤቱ እንዳለች አንቺም ታውቂያለሽ። እናቴ፣ ያንቺ አያት፣ ከታች ሆና «የነበረችበት መልሳት» አለችኝ። እኔ ወረድኩና በፊቷ እሳት ውስጥ ጨመርኳት። ሳቅሁም። ያን ሳቅ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።

ግድግዳዋን በአዲስ ኖራ ዘጋሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር፤ ሪችመንድ ከተማ ጭፈራ ነበርና ቸኮልኩ። ኖራውን በጆንያ መሸፈን ሲገባኝ ሳልሸፍነው ሄድኩ። ሌሊቱን ውርጭ ወረደ። ኖራ ሳይጠነክር ውርጭ ከመታው ዱቄት ይሆናል፤ ይህን የማያውቅ ግንበኛ የለም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ዳይና ጠዋት አልተነሣችም። የተኛች እንጂ የሞተች አትመስልም ነበር፤ ጉንጯ ቀይ ነበር። ሐኪሙ ልብ ነው አለ። እናቴ ግን መቃብሩ አፍ ላይ፣ ሰው ሁሉ ቆሞ ሳለ፣ ጣቷን ቀሰረችብኝ። «እኅትህን የወሰዳት የጫማዋ ነገር ነው» አለች። ማቲው አጠገቧ ቆሞ ነበር። እኔ እሱን አየሁት፤ እሱ መሬቱን አየ። አንድ ቃል ቢናገር ኖሮ አገሬን አልለቅም ነበር። ዝምታውን እንደ ፍርድ ተቀብዬ በጸደይ መርከብ ተሳፈርኩ።

እዚህ ከመጣሁ ከአሥር ዓመት በኋላ በምሠራበት አካባቢ ሁለት ሕፃናት በአንድ ሌሊት ሞቱ። የጭስ ማውጫውን እንድመረምር ተጠራሁ፤ መለያዋ ግድግዳ ተሰንጥቃ ነበር። ጉንጫቸው ቀይ ነበር አሉኝ፤ የእሳት መርዝ የገደለው ሰው ጉንጩ እንዲያ ይቀላል። ያን ቀን ገባኝ። የጫማ ነገር አይደለም፤ የእኔ ኖራ ነው። እኅቴን የገደልኳት እኔ ነኝ። አባትሽም በየገናው ያችን መስመር የሚጽፈው እንዳልረሳ ነበር። አልተቀየምኩትም።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። ሀርከር ግድግዳዋን ሲያፈርስ ኖራዬን በጣቱ ይፈትሸው። ዱቄት ሆኖ እንደሆነ ሳትደብቂ ጻፊልኝ። ሃምሳ ሰባት ዓመቴ ነው፤ እያወቅሁ መሞት እፈልጋለሁ።

አሞስ


ኦማሩ፣ ኤፕሪል 30 ቀን 1959

ለሄስተር፣

በሰላም ተገላግለሽ እንደሆነ ከማንም አልሰማሁም። እግዚአብሔር አንቺንም ልጅሽንም ይጠብቅ። ከዚህ ጋር የምልከውን የሱፍ ብርድ ልብስ አይቪ ናት የሠራችው፤ ሱፉ የዚህ አገር ቢሆንም ይሞቃል።

ካንቺ ቃል ካገኘሁ አራት ወር አለፈ። ስለ ኖራው የጠየቅሁሽን ተዪው። መልሱ ገብቶኛል። የአባትሽ ልጅ ነሽ፤ ዝምታሽንም እንደ እሱ ዝምታ ተቀብያለሁ። የትንሿን ክፍል እሳት ብቻ ግንቡ ተሠርቶ ሳይጠነክር እንዳታነጂ።

አሞስ


ራይጊል፣ ሜይ 24 ቀን 1959

ይድረስ ለአጎቴ ለአሞስ፣

በማርች 16 ሴት ልጅ ወለድኩ። ስሟ ኬዛያ ነው፤ ጩኸቷ ከበጎቹ ይበልጣል። እስካሁን ከእኔ ጋር ኩሽና ውስጥ ነው የምትተኛው። ብርድ ልብሱ ደርሶናል፤ አሁን ለብሳዋለች። አይቪን እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

አሁን የበደልኩዎትን ልናገር። የጠየቁኝን ከፌብሯሪ ጀምሮ አውቃለሁ።

ሀርከር ሥራ የጀመረ ዕለት እኔ መሰላሉ ሥር ተቀምጬ ነበር። መምታት ከጀመረ ጥቂት ቆይቶ የመሮው ስባሪ እግሬ ሥር ወደቀ። «ይህን የገነባው ሰው ከማን ጋር ተጣልቶ ነበር?» አለ ከላይ። ኖራዎ ዱቄት አይደለም አጎቴ። ድንጋዩ ይሰበራል እንጂ እሱ አይለቅም። ሀርከር በጣቱም፣ በጥፍሩም፣ በምላሱም ፈትሾታል። ውርጩ አልነካውም፤ ከጎኑ የኩሽናው ምድጃ ሙቀት ነበረውና።

ቀዳዳው ከእርስዎ ሥራ አንድ ክንድ ዝቅ ብሎ ነው። ከቀድሞው ግንብ ሁለት ድንጋዮች ወጥተው ያለ ኖራ ተመልሰዋል። ዙሪያቸው በጭቃና በበግ ፀጉር ተጠቅጥቆ ነበር፤ ጭቃው በእሳቱ ደርቆ ረግፏል። እጅ ያስገባል። ሀርከር እጁን አስገብቶ አንዲት የሕፃን ጫማ አወጣ፤ ሶሏ እንጨት፣ አፍንጫዋ ነሐስ።

እናቴ መሳቢያ ውስጥ ሁልጊዜ አንዲት ብቸኛ ጫማ ነበረች። የመጀመሪያ ጫማዬ ናት፤ ሌላዋ ጠፋች ይሉኝ ነበር። ሄጄ አመጣኋት። ሀርከር ሁለቱን ሳንቃ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጣቸውና ኮቱን ለብሶ ወደ ቤቱ ሄደ። በዚያ ቀን ከዚያ በኋላ ሥራ አልሠራም።

ድንጋይ በድንጋይ ልዘርዝርልዎ አያስፈልግም። እርስዎ ቆጡን ከለቀቁ በኋላ የወጣ ሰው ነው፣ ባቃጠሏት ጫማ ምትክ ያኖራት። በዚህ ቤት ቀዳዳ በጭቃና በበግ ፀጉር የሚደፍን አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ በረቱ በሙሉ እንዲያ ነው የተደፈነው። አያቴ ለምነውት ይሆናል። ወይም የመጀመሪያ ልጁ ነበርኩና ለእኔ ፈርቶ ይሆናል። ክፉ እንዳይነካኝ ብሎ በከፈተው ቀዳዳ እኅቱን አጣ። ከዚያ ምድጃውን በሳንቃ፣ ቆጡን በአሥራ አንድ ሚስማር መታው፤ አያቴ ጣታቸውን ሲቀስሩብዎ ደግሞ መሬት መሬቱን አየ።

ለምን ዘገየሽ ቢሉኝ፣ እሱን እወደዋለሁ፤ እርስዎን አላውቅዎትም። እውነቱ ይህ ነው። ብጽፍልዎት አባቴን ሁለተኛ ልቀብረው ነው። ሙት ወቃሽ አልሆንም አልኩ። ጫማዋን እሳት ውስጥ ጨምሬ፣ ኖራው ዱቄት ነበር ብዬ ልጽፍልዎትም አስቤ ነበር። አንድ ጊዜ ምድጃው አፍ ድረስ ወስጃታለሁ። ከዚያ የኤፕሪሉ ደብዳቤዎ መጣ። ዝምታሽን እንደ እሱ ዝምታ ተቀብያለሁ የሚለውን ሳነብ ኬዛያን እያጠባሁ ነበር። አፈርኩ። አባቴ የጀመረውን እኔ እየጨረስኩት ነበር።

እርስዎ ማንንም አልገደሉም አጎቴ። ይህን በእጄ ጽፌ ፈርሜበታለሁ።

አሁን ሀርከር ግድግዳዋን ያለ ጫማዋ አልዘጋም ብሎ ተቀምጧል። ጫማ ያገኘ ግንበኛ ሳይመልስ ግንብ አይዘጋም ይላል፤ አባቱም እንዲያ ነበር አሉ። ኔድ ወንዝ ውስጥ እንወርውራት ይላል። የእርስዎን ቃል እጠብቃለሁ።

ሄስተር


ኦማሩ፣ ጁን 8 ቀን 1959

ልጄ ሄስተር፣

ኬዛያን እግዚአብሔር ያሳድግልሽ።

ደብዳቤሽን ለአይቪ አነበብኩላት፤ ከመጀመሪያው ጀምሬ ሁሉንም ነገርኳት። ስታለቅስ እኔም አለቀስኩ። ከዚያ የአባትሽን ደብዳቤዎች ከሳጥኑ አወጣሁ። ሠላሳ ሁለቱም አሉ። በ1926ቱ ላይ ያቺ መስመር ሁለት ጊዜ ተጽፋ አንደኛዋ ተሰርዛለች። በጦርነቱ ጊዜ በጻፈው በአንዱ ላይ ከመስመሯ ሥር «አሞስ፣ እኔ» ብሎ ጀምሮ አቁሟል፤ እኔ ያኔ ሳነበው መብራት የጠፋበት መስሎኝ ነበር። በመጨረሻው ላይ ፊደሉ ተጣሞ አይነበብም፤ መስመሯ ግን አለች።

ሲወቅሰኝ የኖረ መስሎኝ ነበር። ሲናዘዝልኝ ነው የኖረው፤ ከዚያ በላይ መናገር ስላቃተው። አንድ ዓመት እንኳ «ለምን ተዘጋ?» ብዬ ብጠይቀው ኖሮ የሚነግረኝ ይመስለኛል። አልጠየቅሁትም። እኔ የምመልስለት ስለ በጎቹ ነበር።

አባትሽን ለብቻው አትክሰሺው። እኔ ያቺን ጫማ በእናቴ ፊት ባላቃጥል እሱ ቆጥ አይወጣም ነበር። ዕዳው የሁለታችን ነው፤ እኩል አካፍዪን።

ጫማዋ ትመለስ። ሀርከር ልክ ነው። እናቴ ስትጠይቀኝ ላደርገው የሚገባኝን እሱ ያድርግልኝ፦ ሙሉ ኖራ ላይ ያስተኛት፣ ከኋላዋና ከፊቷ ሙሉ ድንጋይ ያቁም፣ በስፋቱ ሁሉ ኖራ እንጂ ጭቃ አይግባበት። ሰባት ቀን በእርጥብ ጆንያ ይሸፍነው። እናንተ ጋ ውርጩ አልፏል፤ እዚህ ግን ወቅቱ የእናንተ ተገላቢጦሽ ነውና ዛሬ ጠዋት ጀምሯል። ኖራው ሲጠነክር ኩሽናው ውስጥ እርጥብ ጭድ አንድዱ፤ ትንሿ ክፍል ንጹሕ ከሆነች እሳቷን ለኩሺ፣ ልጅሽንም አስተኚ።

ከዚያ አንድ መንገድ ሂጂልኝ። ማቲው መቃብር ዘንድ፣ ሰው በሌለበት ሰዓት። ረጅም ነገር አትናገሪው፤ አይወድም። አሞስ ደብዳቤህ ደርሶታል በዪው።

አጎትሽ አሞስ